ሰሙን ማን አበጀው፣ ወርቁን ማን አፈሰሰው?

የአማርኛ ዘፈን አድማጭ ግጥምን እንደ ወረደ አይቀበልም፤ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ልማዱም ከቅኔ የመጣ ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ያበጃል፤ ቅርጹን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስበታል። በቅኔም በግላጭ የሚሰማው ሰም፣ የተሰወረው ወርቅ ይባላል። ሁለቱን የሚያገናኘው ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለት ፍች የተሸከመው ቃል ነው። አዝማሪው ይህን ጥበብ በማሲንቆ አጅቦ ከመኳንንት አዳራሽ እስከ ጠጅ ቤት አድርሶታል።

ኃይለኞችም የቃልን ጉልበት ያውቁ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የፋሺስት አስተዳደር ሕዝቡን ያነሣሣሉ ያላቸውን ዘዋሪ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየያዘ አስገደለ። እነዚህ ሰዎች የተፈሩት ስለ ታጠቁት መሣሪያ ሳይሆን ስለሚናገሩት ቃል ነበር።

ከዘመናዊ ዘፈኖች መካከል በዚህ ረገድ አዘውትሮ የሚነሣው የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ነው። ጥላሁን ከሀገር ፍቅር ቲያትር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የተሻገረ ድምፃዊ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛ አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በግርማሜ ንዋይ የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ ከታሰሩት መካከል እርሱም ይገኝበታል። ዘፈኑም ከዚያ ግርግር ጋር ተቆራኝቶ ሲተረጎም ኖሯል።

ለዚህ ትርጓሜ በር የከፈተው የርእሱ ቃል ራሱ ነው። «አልቻልኩም» የሚለው ግሥ ተናጋሪው መሸከም ያቃተውን ነገር አይጠራም። በሰላም ቀን የሰማው አድማጭ ክፍተቱን በፍቅር ይሞላዋል፤ በግርግር ማግስት የሰማው ደግሞ በአገዛዝ ሸክም ይሞላዋል። በአማርኛ ሀገር በሴት ጾታ ትጠራለችና፣ ለሴት የተዘፈነው ሁሉ ለሀገር የተዘፈነ ሊመስል ይችላል።

ተመሳሳይ ንባብ በጎረቤት ኤርትራም ይገኛል። በትግርኛ «ችቦዬን ስጡኝ» ማለት የሆነው የተወልደ ረዳ «ሽገይ ሃቡኒ» ለብዙዎች የነፃነት ጥያቄ ሆኖ ተሰምቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የቴዎድሮስ ካሳሁን «ያስተሰርያል» በአንጻሩ ስለ መንግሥታት መፈራረቅና ስለ ይቅርታ በግልጽ የሚናገር በመሆኑ ብዙ መፍታት አላስፈለገውም። ቢሆንም የዚያ ዓመት የምርጫ ግለት ትርጉሙን ይበልጥ አከረረው።

እዚህ ላይ ቅኔና ዘፈን ይለያያሉ። በቅኔ ሰሙን የሚያበጀውም ወርቁን የሚያፈሰውም ባለቅኔው ራሱ ነው። በዘፈን ግን ገጣሚው ሰሙን አብጅቶ ሲሄድ ወርቁን ዘመኑ የሚያፈስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድን ዘፈን ለታሪክ ምስክርነት የሚጠራ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ይገባዋል፤ በግጥሙ ውስጥ በእርግጥ ኅብረ ቃል አለን? ወይስ ፍቹን የሰጠው የአድማጩ ብሶት ነው? ሁለተኛውም ቢሆን ተራ ነገር አይደለም፤ ሕዝብ በአደባባይ ሊናገር ያልቻለውን በምን እንደ ተናገረ ያሳያልና። ነገር ግን የአድማጩን ወርቅ በገጣሚው ስም መመዝገብ ታሪክን ያዛባል። ከዚህም በላይ፣ በፍች የሚከሰስ ዘመን በመጣ ቁጥር ዘፋኙን ላልተናገረው ቃል ዕዳ ከፋይ ያደርገዋል።