ጊዮርጊስና ሜታ በአንድ ቤት

በጥቅምት አቦ ማግስት አራት ሆነን መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብላ ካለች አንዲት ግሮሰሪ ተሰበሰብን። ነገሩ የተነሣው ከክርክር ነው። አንዳችን ከጊዮርጊስ ሌላ ቢራ የለም ባይ ነው፤ ሌላው የሜታ ወገን ነው፤ ሦስተኛው የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆነ ሐበሻ ቢራን አሳልፎ አይሰጥም። አራተኛችን ዳኛ ሆነና ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ በየብርጭቆው ቀዳልን። ምን ይደበቃል! የጊዮርጊሱ ሰው ሜታውን ቀምሶ «ይኸውላችሁ ጊዮርጊስ!» ብሎ ማለ፤ የሜታውም ሰው ጊዮርጊሱን «የኔ» አለ። የደብረ ብርሃኑ ልጅ ብቻ ዐወቀ፤ እሱም ገምቶ ይሁን ለይቶ ደግመን እንዳናጣራ ገንዘባችን አለቀ።

መሳሳታችን አያስደንቅም። ሦስቱም ላገር ናቸው፤ እርሾው ከሥር ሆኖ የሚሠራ፣ በቅዝቃዜ ለሳምንታት ተኝቶ የሚጠራ ቢራ ማለት ነው። ስሙም ከጀርመንኛ «ማከማቻ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ግን ምላሳችን ካልለየው የተሟገትነው ስለምንድን ነው? ስለ ስም ነው። ስሙስ የማነው?

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪነታችን መጣብን (ዘመኑን በፈረንጆች እንቆጥራለን)። የጊዮርጊስ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው በ1922 ነው። ሜታ አቦ በ1960ዎቹ ሰበታ ላይ ተተከለ። ሁለቱንም ደርግ ወረሳቸው። ጊዮርጊስ በ1998 ቢጂአይ ለተባለው የፈረንሳዮች ኩባንያ ተሸጠ። ሜታን በ2012 የእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ2022 እሱም ለዚያው ለቢጂአይ ሸጠው። እንግዲህ ሁለቱ ጓደኞቻችን ጠረጴዛ እየደበደቡ ሲፎካከሩ፣ ጊዮርጊስና ሜታ በአንድ ቤት ካደሩ ሰንብተዋል! የቤቱ ጌታ ደግሞ የካስቴል ቤተሰብ ነው፤ በ1949 ዘጠኝ እኅትና ወንድም ሆነው ቦርዶ ላይ በወይን ጠጅ ንግድ የጀመሩ ናቸው።

የቤተሰብ ጠመቃ በአገራችን አልነበረም ማለት አይደለም። ሉዊጂ ሜሎቲ የተባለው ጣሊያናዊ በ1939 አስመራ ላይ ያቆመው ፋብሪካ የቤተሰቡን ስም ይዞ ኖሯል። በደርግ ዘመን ተወርሶም እንኳ ጠጪው ቢራውን «ሜሎቲ» ማለቱን አልተወም። ባለቤት ሲለወጥ ስም ይቀራል፤ የጊዮርጊስም የሜታም ነገር ይኸው ነው።

የደብረ ብርሃኑ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «የኛስ?» አለ። አባቱ የሐበሻ ቢራን አክሲዮን ከገዙት ከ8,000 በላይ ሰዎች አንዱ ናቸው። እውነቱን ነው፤ ያ ፋብሪካ የቆመው ከመምህሩም ከነጋዴውም በተሰበሰበ ድርሻ ነው። ሆኖም ቢራው በ2015 ገበያ ሳይወጣ በፊት የሆላንዱ ባቫሪያ ገብቶበት ነበር። እሱም የስዊንክልስ ቤተሰብ ንብረት ነው፤ ሊስሃውት በምትባል መንደር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ጠመቃ። ለመላው ሕንፃ ገንዘብና ዕውቀት ከውጭ መፈለጉን አንነቅፍም። ልጁ ግን ዝም አለ፤ ሲያሸንፍ የነበረው ፈገግታም ጠፋ።

መካኒሳ ለመጠጥ ታሪክ ባዕድ አይደለችም፤ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ አንዱ ቅርንጫፍ እዚሁ ነው። እኛ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ዐይናችን ያረፈው በእንጨት ጫፍ በተደፋች ጣሳ ላይ ነው። ገባን። ጠላው ጌሾው የከረረ፣ አሻሮው ያጠቆረው፣ ጭስ ጭስ የሚል ነው። በጋዜጣ ቢጠቀለልም ማንም አይስተውም! እናታችን ብቅሉን ራሳቸው ያበቅላሉ፣ ጋኑን ራሳቸው ያጥናሉ። ከማን እንደተማሩ ጠየቅናቸው።

«ከእናቴ ነዋ!»

«እሳቸውስ?»

«ከእናታቸው።»

አንዳችን ደብተር አውጥቶ ነበር፤ የሚጽፈው ዓመተ ምሕረት ግን አላገኘም። ሒሳቡንም ስንጠይቃቸው ኪሳችን ባዶ መሆኑን ከፊታችን ዐወቁትና፣ «ነገ ታመጣላችሁ፣ ልጆቼ» ብለው ደግመው ቀዱልን።