ጆሞ የቤት ዕቃ ንድፍ ቤት

በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በሚኖሩት ኢትዮጵያዊው የንድፍ ጠቢብ በጆሞ ታሪኩ የተመሠረተ፣ ጥንታዊውን የአፍሪካ ጥበበ እድ ከዘመናዊው የቤት ዕቃ ሥራ ጋር የሚያዋሕድ የንድፍ ቤት ነው። መሥራቹ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኬንያ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ አድገው፣ በኋላም በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ንድፍ ትምህርት ተምረዋል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይልቅ ስመ ጥር የሆነው፣ መልኩን ከደጋ አጋዘን ጥምዝ ቀንድ የወሰደው የኒያላ ወንበር ሲሆን፣ የኒውዮርኩ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በ2021 እ.ኤ.አ. በከፈተው ትርኢት ውስጥ የጆሞን ሥራ ለሕዝብ አቅርቧል። ከሙቀጫ የተቀዳው ዱካና ከሚዶ የተቀዳው ወንበርም የዚሁ መንፈስ ውሉደ ጥበብ ናቸው። የእኒህ ሥራዎች ብልጫ፣ እንደ ብዙዎቹ በእንጨት ላይ ጌጥ በመለጠፍ አፍሪካዊ ለመባል ሳይደክሙ፣ የዕቃውን ባሕርይ በቅርጹ ብቻ መግለጣቸው ነው፤ ለአገር ቤት አንባቢም፣ የእናቱ ሙቀጫ ባሕር ተሻግሮ የክብር መቀመጫ መሆኑ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» ፊልምም ሥራዎቻቸው ታይተዋል።

ጆሞ በመረጃ ትንተናም የሠለጠኑ እንደ መሆናቸው፣ የታላላቅ አምራቾችን የዕቃ መዝገብ መርምረው፣ በጥቁር ነዳፊዎች የተሠራው ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ በቁጥር ገልጠዋል።