ቆሼ ለምን ተናደ?

እህቶቼ፣ ስለ ቆሼ ያልሰማች በመካከላችን ያለች አይመስለኝም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የአዲስ አበባ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እኛ ቶሎ «የእግዜር ሥራ ነው» እንላለን። ታሪኩን ከሥሩ ስናየው ግን የሰው እጅ ይበዛበታል።

ቦታው ረጲ ይባላል። ቆሻሻ መጣል የጀመሩት በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማዋ እያደገች መጥታ ከበበችው፣ መኪናው ግን እዚያው መድፋቱን አልተወም። 36 ሄክታር የሚሆን መሬት ላይ ከ50 ዓመት በላይ ተከመረ። ሥሩ ላይ ማን ኖረ? ለሥጋ ደዌ ሕክምና ዘነበ ወርቅ መጥቶ እዚያው የቀረ አለ፣ ከገጠር መጥቶ የቤት ኪራይ ያቃተው አለ፣ ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለቅማ ልጆቿን የምታሳድግ እናት አለች። እኛም ዓረብ አገር ባንመጣ ኖሮ ከእኛ መሀል እዚያ የምትገባ አትጠፋም ነበር።

ከተማው ቆሼ ሞልቷል ብሎ ሰንዳፋ ላይ አዲስ መጣያ ሠራና በ2008 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። የአካባቢው ገበሬ ውኃችን ተበላሸ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብሎ ተቃወመ። እኔ በገበሬው አልፈርድም፣ ማን በደጁ ይፈልጋል? በወራት ውስጥ ሰንዳፋ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በዚያው ጊዜ አጠገቡ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ እየተሠራ ነበር። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ቡልዶዘር ክምሩን ሲገፋው ነበር ብለው ተናግረዋል። ቆሻሻው ከተመለሰ ዓመት ሳይሞላ ተናደ።

ክምር እንዴት እንደሚናድ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዱቄት ሰፌድ ላይ ስታፈሺ የተወሰነ ድረስ ሾጠጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ ብትጨምሪ በጎኑ ይፈሳል። ውኃ ካገኘው ደግሞ ሊጥ ይሆናል፣ ሊጥ አይቆምም። የጭድ ክምር ከሥሩ ቢመዘዝም ከላይ ያለው ይመጣል። ቆሻሻ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም እየበሰበሰ ውስጡ ጋዝና ፍሳሽ ያጠራቅማል። መውጫ ያጣ ፍሳሽ ክምሩን ከውስጥ ያሟሟዋል፣ ጋዙም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጎኑ የቆመ፣ ያልተጠቀጠቀ፣ አፈር ያልለበሰ፣ ፍሳሽ መውጫ የሌለው ክምር አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

አብረውን የሚሠሩት ፊሊፒንስና ስሪላንካዎችም ይህን ታሪክ ያውቁታል። በማኒላ አጠገብ ፓያታስ የሚባል ክምር ነበር፣ ሥሩ ያለው ሰፈር በእነሱ ቋንቋ «የተስፋ ምድር» ይባላል። ለቀናት ዝናብ ሲዘንብ ቆይቶ በፈረንጆች ጁላይ 10 ቀን 2000 ተናደና እሳት ያዘው፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በኮሎምቦ ሚቶታሙላ ደግሞ ከቆሼ 34 ቀን በኋላ፣ በዘመን መለወጫቸው ዕለት ተናደ፣ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ሦስቱም አገር ልጆቹን እዚህ ለቤት ሥራ የሚልክ ነው፣ እኔ ይህን እንዲሁ አጋጣሚ ነው ብዬ ማለፍ ይከብደኛል።

ፊሊፒንስ ከፓያታስ በኋላ ዓመት አልቆጠረችም፣ በ2001 ጃንዋሪ ላይ ሜዳ ላይ ቆሻሻ መከመርን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ክምሩንም አስተካከሉት። ጎኑን ቆርጠው እንደ እርከን ዝቅ ዝቅ አደረጉት፣ አፈር አለበሱት፣ ጋዙን በቱቦ እየሳቡ መብራት አመነጩበት። በእኛም አገር ከናዳው በኋላ የጃፓን ፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከዩኤን ሃቢታት ጋር ሆነው ቆሼን ለማረጋጋት ሠርተዋል። የእነሱ ዘዴ ቀላል ነው፦ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከክምሩ ሥር ይዘረጋል፣ ፍሳሹ በእሱ ይወጣል፣ አየርም በእሱ ይገባል። ቆሻሻው አየር ሲያገኝ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ጋዙም ይቀንሳል። ርካሽ ስለሆነ በድሃ አገር ይሠራል። ሁሉም ነገር ከናዳው በፊት የሚታወቅ ነበር። እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ።

ብዙዎቻችን ብር የምንልከው ለቤት ነው። ወንድም ወይም አጎት ደውሎ «ርካሽ መሬት ተገኘ» ሲል ዋጋውን ብቻ አንጠይቅ። ከላዩ ምን አለ? ቆሻሻ ወይም የተደፋ አፈር ካለ ስንት ዓመቱ ነው፣ አሁንም ይጨመርበታል ወይ? በክረምት ከሥሩ ጥቁር ውኃ ይወጣል? አፈሩ ላይ ስንጥቅ አለ? ፎቶ ይላክ እንበል፣ ከታች ወደ ላይ የተነሳ፣ በሐምሌ የተነሳ።