ከዋናው ዘፋኝ በፊት የሚወጣው ባንድ፦ የሰው ዘፈን ይዞ የካንትሪ ኮንሰርት መክፈት እንዴት ነው?

ትልቅ ኮንሰርት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ትኬቱ ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈው ዘፋኝ ከመውጣቱ በፊት፣ ሰዉ ገና እየገባ፣ ቢራ እየገዛ፣ ሰልፊ እየተነሣ እያለ መድረክ ላይ የሚጫወት ባንድ አለ። ብዙ ሰው ስሙን እንኳ አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ ከተሞች በሚዘጋጁ የካንትሪ ኮንሰርቶች ላይ ይሄ ባንድ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው የራሱን ሳይሆን የሌላ ሰው ዘፈን ነው። ከቨር ማለት ነው።

ካንትሪ ለእኛ ሀገር ሰው እንግዳ አይደለም። ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን ከቤተሰብ ካሴት የምናውቅ ብዙ ነን። ዛሬ ግን ስለ ኮከቦቹ ሳይሆን ከነሱ በፊት ስለሚወጡት ነው የምናወራው። ሥራው እንዴት ይሠራል? ገንዘቡ የት ይገባል? የሰው ዘፈን መጫወት መንገድ ይከፍታል ወይስ እዛው ያስቀራል? አንድ በአንድ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

◆ መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ከቨር ባንድ፦ የተለያዩ ዘፋኞችን የታወቁ ዘፈኖች በራሱ አጨዋወት የሚያቀርብ ባንድ።

ትሪቢዩት ባንድ፦ የአንድ ዘፋኝ ወይም የአንድ ባንድ ሥራ ብቻ የሚጫወት፤ አንዳንዴ አለባበሱንና አነጋገሩን ጭምር የሚመስል።

ሃውስ ባንድ፦ የአንድ ቤት ቋሚ ባንድ።

ኦፕነር፦ ከዋናው ዘፋኝ በፊት የሚወጣ ማንኛውም ማሟሟቂያ። የራሱ አልበም ያለውም፣ ከቨር ባንድም ሊሆን ይችላል።

◆ አዘጋጁ ለምን ከቨር ባንድ ይመርጣል?

ስታዲየም በሚሞሉ ትልልቅ ጉዞዎች ላይ ከቨር ባንድ ብዙም አታገኙም። እዛ ኦፕነር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ዘፈን ያለው፣ የሙዚቃ ኩባንያ ያስፈረመው አዲስ ድምፃዊ ነው። የከቨር ባንዶች ቦታ ሌላ ጋ ነው፦ ካውንቲ ፌር የሚባለው የገጠር አካባቢ ዓመታዊ በዓል፣ ካዚኖ፣ ሮዲዮ፣ የከተማ አዳራሽ።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ዘፋኙ ሌላ ባንድ ይዞ ከከተማ ከተማ ከዞረ ነዳጅ፣ ሆቴልና ደሞዝ ይጨምራል። የአካባቢው ባንድ ግን በራሱ መኪና መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ቤቱ ገብቶ ያድራል። በዛ ላይ ጓደኞቹና ደንበኞቹ ትኬት ገዝተው ይመጣሉ።

ሌላው ደሞ ሰዉ ነው። ቀድሞ የገባ ሰው አዲስ ዘፈን ለመስማት ትዕግሥት የለውም። የሚያውቀው ዘፈን ሲጀመር ግን ወሬውን አቁሞ አብሮ ይዘፍናል። ዋናው ዘፋኝ ሲወጣ የሚጠብቀው የሞቀ ሕዝብ ነው።

◆ መድረክ ላይ ያለው ሕግ

የኦፕነር ቀን ብዙ መጠበቅ አለበት። ሳውንድ ቼክ መጀመሪያ የሚያደርገው ዋናው ዘፋኝ ነው፤ ኦፕነሩ የመጨረሻ ነው። የዋናው ባንድ ድራምና ስፒከር ከቦታው ስለማይነሣ ኦፕነሩ ከፊት ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ዕቃውን ይዘረጋል። ጊዜ ካለቀ ደሞ ሳውንድ ቼኩ ይቀርና መስመሮቹ መሥራታቸው ብቻ ታይቶ ይገባል።

የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ አካባቢ ነው። 7 ወይም 8 ዘፈን ማለት ነው። ሁለት ያልተጻፉ ሕጎች አሉ።

1ኛ፦ የዋናውን ዘፋኝ ዘፈን አትንኩ። ሰዉ ትኬት የገዛው እሱን ከባለቤቱ ለመስማት ነው። ዋናው ዘፋኝ መድረክ ላይ የሚጫወታቸው ከቨሮች ካሉም እነሱን መተው ነው፤ ስለዚህ ጎበዝ ባንድ አስቀድሞ ይጠይቃል።

2ኛ፦ ሰዓት አክብሩ። ይሄ ቀልድ አይደለም። በ2006 ኤሪክ ቸርች የራስካል ፍላትስ ኦፕነር ነበር፤ የራሱን ዘፈን የሚጫወት ድምፃዊ ነው። ከተሰጠው ሰዓት እያለፈ በመጫወቱ ከጉዞው ተባረረ። በቦታው ማን ገባች? የ16 ዓመቷ ቴይለር ስዊፍት።

◆ ገንዘቡስ?

ኦፕነር ባንድ በአብዛኛው የሚከፈለው ቁርጥ ነው፤ አዳራሹ ቢሞላም ባይሞላም ያው ነው። ናሽቪል ውስጥ ብሮድዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ያሉ የካንትሪ ቤቶች ደሞ ሌላ አሠራር አላቸው። እንደ ቱትሲስ (በ1960 የተከፈተ) ያሉት ቤቶች ውስጥ ባንዶች ከቀን እስከ ሌሊት በፈረቃ ይጫወታሉ፤ የሚተማመኑትም በዋናነት በጉርሻ ነው። ዘፈን የሚያዝ ሰው ብር ይጥላል።

የዘፈኑ ባለቤትስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአሜሪካ አሠራር ከቨር ባንድ መድረክ ላይ ለመጫወት ደራሲውን ደውሎ አያስፈቅድም። ፈቃዱን በክፍያ የሚይዘው ቤቱ ወይም የኮንሰርቱ አዘጋጅ ነው። ክፍያው እንደ አስካፕ (በ1914 የተመሠረተ) እና ቢኤምአይ (በ1939 የተመሠረተ) ላሉ ድርጅቶች ይሄዳል፤ እነሱ ደሞ ለግጥምና ዜማ ደራሲዎች ያከፋፍላሉ።

ልብ በሉ፣ ለደራሲዎች ነው ያልነው። ዘፈኑን ያስጮኸው ድምፃዊ ራሱ ካልደረሰው፣ ሌላ ባንድ መድረክ ላይ ሲጫወተው ከዚህ ክፍያ ምንም አይደርሰውም። ከቨር ባንዱም እንደዛው። አንድን ዘፈን 10 ዓመት ቢጫወተው ከዘፈኑ ላይ ቅንጣት ድርሻ የለውም። መጫወት ያቆመ ቀን ገቢው አብሮ ይቆማል።

ይሄን በደንብ ያሳየን የ2023ቱ ነገር ነው። ሉክ ኮምብስ የትሬሲ ቻፕማንን "ፋስት ካር" (1988) በካንትሪ ተጫውቶ ትልቅ ሂት አደረገው። በዚያው ዓመት ዘፈኑ በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት የዓመቱ ዘፈን ሲባል ግን ሽልማቱ የደራሲዋ የትሬሲ ነበር። በዚህ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ ያውም ዘፈኑ ከወጣ ከ35 ዓመት በኋላ።

◆ ታዲያ ከዚህ ወጥቶ ትልቅ የሆነ አለ?

አለ። አላባማ የተባለው ባንድ በ1973 ሳውዝ ካሮላይና፣ ሚርትል ቢች ከተማ፣ ዘ ባወሪ የሚባል ቡና ቤት ውስጥ በጉርሻ መጫወት ጀመረ። ክረምት በመጣ ቁጥር እየተመለሱ እዛው የሰው ዘፈን ሲጫወቱ ከረሙ። ግን አንድ ነገር አልተዉም፦ በመሃል በመሃል የራሳቸውን ያስገቡ ነበር። በ1980 ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ፤ በ2005 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ውስጥ ገቡ።

ጋርዝ ብሩክስም በ1980ዎቹ ኦክላሆማ፣ ስቲልዎተር ውስጥ ቡና ቤት ውስጥ ሰው ያዘዘውን እየዘፈነ ነው ያደገው። ቴይለር ስዊፍት ደሞ ገና ልጅ እያለች የካራኦኬ ውድድር አሸንፋ ሽልማቷ የቻርሊ ዳንኤልስን ኮንሰርት መክፈት ነበር። የሰው ዘፈን ነው መድረኩ ላይ ያወጣት። ዛሬ ያለችበት ያደረሳት ግን የራሷ ነው።

◆ ከቨር ሠርታችሁ ለምትለቁ

መድረክና ስልክ አንድ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን አንዴ በሕጋዊ መንገድ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ከቨሩን በድምፅ መቅዳት ይችላል፤ ለደራሲው በሕግ የተወሰነውን እየከፈለ ነው። ክፍያው ከ2006 እስከ 2022 ለአንድ ቅጂ 9.1 ሳንቲም ነበር፤ በ2023 12 ሳንቲም ሆኗል። ቪዲዮ ግን ሌላ ነው፤ ከዘፈኑ ባለመብት ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል። ቪዲዮአችሁ ድንገት ድምፁ ቢጠፋ ወይም ቢወርድ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

እኛ ሀገር ያለው ሕግ ደሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር)። እሱም ሥራን በአደባባይ የማቅረብን መብት የሰጠው ለደራሲው ነው። "አሜሪካ ይቻላል" ብሎ እዚህ መጫወት አያስኬድም።

◆ ስናጠቃልለው

የሰው ዘፈን መጫወት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሕዝብ ፊት መቆም፣ ሰዓት ማክበር፣ ያልሰማ ሰውን ማስነሣት የሚማሩት እዛ ነው። አደጋው እዛ መቅረት ነው። ስለዚህ 8 ዘፈን ካላችሁ 7ቱ ሰዉ የሚያውቀው ይሁን፤ ስምንተኛው የእናንተ ይሁን። ሰዉ በሞቀበት መሃል ላይ አስገቡት። ማታ ቤቱ ሲገባ "ያቺ ዘፈን የማን ናት?" ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።

ባንድ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት።