ባንክ ሲፈርስ ገንዘቡን ማን ይጠይቃል?

ካርቱም ላይ የሠራን ሁሉ አንድ ጥያቄ ያሳስበናል፤ ባንክ በሩን ሲዘጋ ገንዘቡን ማን፣ በየትኛው ሕግ ይጠይቃል? በ2023 ሚያዝያ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ጥያቄው ብሶበታል፤ ነገር ግን አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1906 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ እናቱ የግብፅ ናሽናል ባንክ ነበር፤ ይኸው ባንክ ካርቱምም ቅርንጫፍ ነበረው። ያኔ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ጋምቤላ ላይ በመርከብ ተጭኖ በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ ካርቱም ይደርስ ነበር። በ1931 አፄ ኃይለ ሥላሴ ለባለአክሲዮኖች ካሳ ከፍለው ባንኩን በኢትዮጵያ ባንክ ተኩት። ካፒታሉ 750,000 ፓውንድ ሲሆን 60 በመቶው የመንግሥት ነበር።

በግንቦት 1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ ባንኩ እንዲፈርስ ታወጀ፤ ሊጉሪ የሚባል ሒሳብ አጣሪም ተሾመ። ባንኩ ግን አልፈረስኩም ብሎ የግብፅ ናሽናል ባንክንና አጣሪውን ለንደን ላይ ከሰሰ።

በ1937 ዳኛ ክሎሰን ፈረዱ። እንግሊዝ ጣሊያንን አገሩን በተግባር የያዘ መንግሥት ብላ ተቀብላለች፤ ስለዚህ አዋጁ ይጸናል፣ ባንኩም የለም፤ የሌለ ድርጅት ደግሞ ሊከስ አይችልም። በሕግ ንጉሠ ነገሥቱ ገና ባለ ዘውድ መሆናቸው ለባንኩ አልጠቀመውም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ስትገጥም ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ካርቱም መጡ፤ በጥር 1941ም በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። በ1943 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1958 ካርቱም ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ቅርንጫፉን የወረሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ግን በ1970 የሱዳን መንግሥት ባንኮችን ሲወርስ አጣው።

ሁለቱም ጊዜ የባንኩን ዕጣ የወሰነው የሒሳብ መዝገቡ ሳይሆን በቦታው ሥልጣን የያዘው ኃይል ነው። ስለዚህ ወገኖች፣ ገንዘብ ስታስቀምጡ የባንኩን ስም ብቻ አትዩ፤ በየትኛው አገር ሕግ እንደተቋቋመም ጠይቁ። ደረሰኛችሁንም ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ በሁለት ቦታ አኑሩ። በካርቱሙ ቅርንጫፍ ሒሳብ የነበራችሁ አባቶችና እናቶች ካላችሁ ደግሞ የምታስታውሱትን ጻፉልን።