የአያት ሳጥን ውስጥ ጥይት ብታገኙስ? የድሮ ጦር ዕቃ ከመሰብሰባችሁ በፊት እነዚህን እወቁ

ብዙ አያቶች ቤት አንድ የማይከፈት ሳጥን አለ። ውስጡ ኒሻን፣ የወታደር ቀበቶ፣ የደበዘዘ ፎቶ፣ አንዳንዴም በጨርቅ የተጠቀለለ ጥይት ይገኛል። "የአባቴ ነው" ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ምን ማወቅ፣ ምን አለመንካት እንዳለባችሁ ባጭሩ እንነግራችኋለን።

👉 ስሙ ራሱ ታሪክ ነው

"ውጅግራ" የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ሲሆን 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ ይጎርሳል። "ሰናድር" ከእንግሊዙ ስናይደር የመጣ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር በ1860 መቅደላ ሲደርስ ይዞት ነበር። "ምንሽር" ደግሞ ማንሊኸር ከሚባል የኦስትሪያ ጠመንጃ ሠሪ ስም የተወሰደ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ብዙው የጣሊያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ የሚባል 10.35 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው የሚጠሩትን ስም በደንብ ስሙ፤ ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

👉 ቁጥሩ ምን ይላል?

የክላሽ ጥይት 7.62 በ39 ይባላል። የመጀመሪያው በግምት የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ቀለሁን ገልብጣችሁ መቀመጫውን ብታዩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾ ታገኛላችሁ። በብዙ የሶቭየት ጥይቶች ላይ የፋብሪካው ቁጥር ከላይ፣ ዓመቱ ከታች ነው።

👉 ተኩሷል ወይስ አልተኮሰም?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። አረሩ ከነቀለሁ ካለ ጥይቱ እንዳልተተኮሰ ቁጠሩት። መቀመጫው መሃል የተመታ ምልክት ቢኖርበትም አትመኑት፤ ተመትቶ ሳይተኩስ የቀረ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውም ዋስትና አይሆንም፤ ባሩድ ስላረጀ ብቻ አይሞትም። ለአንገት ጌጥ ብሎ መብሳት፣ በጉጠት አረሩን መንቀል፣ እሳት ዳር ማስቀመጥ እጅና ዓይን ያሳጣል።

ሜዳ ላይ ወይም እርሻ ውስጥ ቦምብ፣ ፈንጂ ወይም የመድፍ ጥይት የሚመስል ነገር ካያችሁስ? አትንኩ፣ አታንሱ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት! በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፣ ሕፃናትን አርቁ፣ ለፖሊስ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ መከላከያ ንገሩ። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ተኩስ ካቆመ በኋላም ሕፃናት የሚጎዱት በዚህ ነው።

👉 ሕጉስ?

በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። "ውርስ ነው" ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ከመያዝም ከመሸጥም በፊት ፖሊስ ጠይቁ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። ውጭ ያለ ዘመድ "ላክልኝ" ቢላችሁ አስቡበት።

👉 ታዲያ ምን እንሰብስብ?

ኒሻን፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የወታደር መታወቂያ፣ ኮዳ፣ ቀበቶ። ኒሻኑን በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ ጽሑፉ ይጠፋል። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እርጥበት ከሌለበት ቦታ አስቀምጡ። አጠገቡ ወረቀት ይኑር፦ የማን ነበር? የት ዘመተ? መቼ? ወደ ኮሪያ ብቻ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ባለቤቱ ያልታወቀ የኮሪያ ኒሻን ግን ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሣሪያውን በቅርብ ማየት ለፈለገ አዲስ አበባ ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ የተመረቀው በየካቲት 2016 ነው።

ዛሬ ማታ አያታችሁ ጋ ደውሉ። ሳጥኑ ነገም ይኖራል፤ ታሪኩን የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው። ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅዱ።

ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉ።