የሕግ ጉዳዮች ነርስ አማካሪ፦ ካርዱን በነርስ ዓይን

አሜሪካ ውስጥ ለሚሠሩ ነርሶች ሊጋል ነርስ ኮንሰልታንት የሚለው መጠሪያ አዲስ አይደለም፤ የሙያ ማኅበሩ እንኳ የተመሠረተው በ1989 ነው። በአማርኛ ግን የተለመደ ስም የለውም። «ሕጋዊ ነርስ» ብንል የቀሩት ሕገ ወጥ ሊመስሉ ነው። «የሕግ አማካሪ» ካልናት ደግሞ የሕግ ምክር የምትሰጥ ትመስላለች፤ ይህን ያለ ጥብቅና ፈቃድ መሥራት እዚያ አገር ያስጠይቃል። ስለዚህ «የሕግ ጉዳዮች ነርስ አማካሪ» እንበላት፦ ሕክምና ነክ ክርክር ለያዙ ጠበቆች፣ ለኢንሹራንስ ድርጅቶችና ለሆስፒታሎች የነርስነት እውቀቷን በክፍያ የምታቀርብ ባለሙያ ናት። ወንዶችም አሉበት፤ በሴት ጾታ የምጽፈው እንዲቀለኝ ብቻ ነው።

ሥራዋን ከአንድ የታወቀ ክስ ማየት ይቻላል። በኖቬምበር 1960 በኢሊኖይ ግዛት፣ ቻርልስተን ከተማ፣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት እግሩ ተሰበረና በከተማው ሆስፒታል በጀሶ ታሰረ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጠናበት። ከጀሶው ውጭ የሚታዩት ጣቶቹ አበጡ፣ ጠቆሩ፣ በኋላም ቀዘቀዙና ስሜት አጡ። ከቀናት በኋላ ጀሶው በመጋዝ ሲሰነጠቅ ደምና ፈሳሽ ታየ። ሌላ ሆስፒታል የተዛወረው ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ነው፤ እግሩን ግን ማዳን አልተቻለም፣ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 በሆስፒታሉ ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። «ዳርሊንግ» በሚል ስም የሚጠቀሰው ይህ ውሳኔ ነርሶችን በቀጥታ ይነካል፦ የጣቶቹን የደም ዝውውር ቶሎ ቶሎ ማየት፣ አደጋ ሲታይ ለሐኪሙ መንገር፣ ሐኪሙ ዝም ካለ ደግሞ ለሆስፒታሉ ኃላፊዎች ማሳወቅ ይጠበቅባቸው ነበር።

የእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካርድ ጠበቃ እጅ ሲገባ «ጣቶች አብጠዋል» የሚለውን መስመር ያገኘዋል፤ ለማንበብ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ነርሷ የምታየው በመስመሮቹ መሀል ያለውን ክፍተት ነው። ቀለሙ፣ ሙቀቱ፣ ስሜቱ፣ የደም ሥር ትርታው በየስንት ሰዓቱ ተመዘገበ? ማታ አራት ሰዓት ላይ «ሐኪም ተነግሮታል» ከተባለ፣ ምን ተነገረው? ምን መለሰ? መልሱ ካላረካ ቀጥሎ ማን ተጠራ?

ዛሬ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ በመሆኑ ሌላ ነገርም ይነበባል። ለምሳሌ ሞርፊን የተሰጠው ሕመምተኛ ሌሊቱን በሙሉ በደቂቃ 16 ጊዜ እንደተነፈሰ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ በአራቱም ምዝገባ 16፣ 16፣ 16፣ 16። ሲስተሙ የሚይዘው የምዝገባ ዱካ ሲጠየቅ አራቱም የገቡት ጠዋት ርክክብ ሊደርስ ሲል ሆኖ ይገኛል። ይህ ብቻውን ጥፋት አያረጋግጥም። ሌሊቱን ስትሯሯጥ አድራ ቻርቷን መጨረሻ ላይ የጻፈች ነርስ ብዙ ናት፤ አማካሪዋም ራሷ ሳታደርገው አትቀርም። ግን የት ቦታ ጥያቄ መነሳት እንዳለበት የምታውቀው ለዚሁ ነው።

የሕክምና ስሕተት ክስ እንዲጸና አራት ነገር መሟላት አለበት፦ የሙያ ግዴታ መኖሩ፣ ግዴታው መጣሱ፣ ጉዳት መድረሱ፣ ጉዳቱም ከጥሰቱ መምጣቱ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው በመጨረሻው ላይ ነው። የከሳሽ ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ካሸነፈ ነው፤ እስከዚያ የልዩ አዋቂ ምስክርና የመዝገብ ወጪውን ከኪሱ ይሸፍናል። ስለዚህ በጊዜ «ስሕተቱ አለ፣ ጉዳቱ ግን ከእሱ አልመጣም፤ ይቅርብህ» የምትለው ነርስ ብዙ ገንዘብ ታድነዋለች። በእኔ ግምት በዚህ ሥራ ስም የሚያተርፈው ይህ ድፍረት ነው፤ ጠበቃው መስማት የሚፈልገውን የምትጽፍ አማካሪ ተከሳሹ የራሱን ባለሙያ ባቀረበ ዕለት ትጋለጣለች።

አማካሪነትና ምስክርነት ይለያያሉ። ከመጋረጃ ጀርባ የምትሠራው ካርዱን ታጣራለች፣ የክስተቶቹን የጊዜ ሰንጠረዥ ከነገጽ ቁጥሩ ታዘጋጃለች፣ የጎደለውን ሰነድ ትጠቁማለች፤ ሥራዋ በአብዛኛው ለተቃራኒ ወገን አይገለጥም። ልዩ አዋቂ ሆና የምትመሰክረው ግን በቃለ መሐላ ትጠየቃለች። እዚያው ኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004፣ ሰሊቫን በተባለው ጉዳይ፣ የነርስነትን የሥራ ደረጃ በተመለከተ ሐኪም መመስከር አይችልም፣ የሚመሰክረው ነርስ ነው ብሏል።

ንግዱን በተመለከተ፣ የአጭር ኮርስ ሰርተፍኬት ደንበኛ አያመጣም። ማኅበሩ የሚያውቀው ኤልኤንሲሲ የተባለው የብቃት ማረጋገጫ ሌላ ነው፤ ለፈተናው ለመቀመጥ የጸና የነርስ ፈቃድ፣ 5 ዓመት የነርስነት ልምድና 2,000 ሰዓት የዚሁ የማማከር ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራ ነው የሚፈለገው፣ በተለይ የራሳቸው ነርስ ከሌላቸው ትናንሽ የጥብቅና ቢሮዎች። ለእነሱ የሚቀርበው ናሙና በፈጠራ ታሪክ የተሠራ መሆን አለበት፤ ከሥራ ቦታ የተወሰደ የሕመምተኛ ካርድ፣ ስሙ ቢፋቅም፣ ፈቃድ ሊያስነጥቅ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ፣ ክፍያው በሰዓት፣ ከፊሉም በቅድሚያ ይሁን። ከካሳው ድርሻ መቀበል ግን አይታሰብም፤ ለምስክር ከተከለከለ የቆየ ነው፣ አማካሪዋንም ተአማኒነት ያሳጣል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ የእኛ ነርሶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለባቸው። አንዱ ሆስፒታል ቋሚ፣ ሌላው ዘንድ በኤጀንሲ መሥራት የተለመደ ነው። ፋይል ከመክፈት በፊት የከሳሹን፣ የተከሳሹንና የሆስፒታሉን ስም ጠይቆ የጥቅም ግጭት አለመኖሩን ማጣራት ግድ ይላል።

አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 ስለ ሙያ ጥፋት ይደነግጋል፤ የሕክምና ስሕተት አቤቱታ ሲነሳ ሙያዊ አስተያየት የሚሰጠው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። በጠበቃ እየተቀጠሩ ማማከር እንደ ንግድ የቆመው ግን አሜሪካ ነው።

እዚያም ቢሆን ገቢው ሲደላደል ከአልጋ አጠገብ ጠቅልሎ መውጣት ለመመስከር ላሰበች አይመከርም። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ቶሎ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ሕመምተኛ ለመጨረሻ ጊዜ ያስታመመችው መቼ እንደሆነ ነውና፣ አንዳንዶቹ በሳምንት አንድ ሺፍት ይይዛሉ።